መጽሐፍ ቅዱስን ለምን እናምነዋለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከከተማው ወጣቶች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ስናጠና እየተመላለሱ የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መጽሐፍ ቅዱስ ታማኝ ነው» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ሦስት ጥያቄ በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። አንደኛው፣ ዛሬ በእጃችን ያለው ጽሑፍ መጀመሪያ ከተጻፈው ጋር ይስማማል ወይ? ሁለተኛው፣ የሚተርከው ነገር በእርግጥ ሆኗል ወይ? ሦስተኛው፣ የእግዚአብሔር ቃል ነው ወይ?

አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው እነዚህ ሲደባለቁ ነው። አንዱ ስለ ብራና ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ተአምር ይመልሳል፤ ቡናው በረካ ሳይደርስ ሁሉም ይጯጯኻል። የመጀመሪያው ቅጂዎችን በማነጻጸር ይመለሳል። ሁለተኛው በታሪክና በቁፋሮ በከፊል ይፈተሻል። ሦስተኛው ግን ላቦራቶሪ የለውም። ሁሉንም በአንድ ማስረጃ ልዝጋ የሚል ሰው አንዱንም አይዘጋም።

ጳውሎስ ወይም ሉቃስ በእጃቸው የጻፉት ዋናው ጽሑፍ የት ነው ያለው?

የለም። አንድም አልተረፈም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ የዚያ ዘመን መጻሕፍት ዕጣ በአብዛኛው ይኸው ነው። የሚጽፉት ከደንገል በሚሠራ ፓፒረስ ላይ ነበር፤ ፓፒረስ ደግሞ እርጥበት አይችልም። በጅማ ክረምት መደርደሪያ ላይ የተረሳ መጽሐፍ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም።

የተረፉት ቅጂዎች ናቸው። በግሪክኛ ብቻ ከ5,000 በላይ የአዲስ ኪዳን ቅጂዎች ተመዝግበዋል፤ ከቁራጭ እስከ ሙሉ መጽሐፍ። እርግጥ አብዛኞቹ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉ ናቸው፤ በጣም ጥንታዊዎቹ ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዷ እንግሊዝ አገር ማንችስተር ውስጥ ትገኛለች። ቁመቷ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመታወቂያ ካርድ ብዙም አትበልጥም። ኢየሱስ በጲላጦስ ፊት ከቆመበት ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጥቂት መስመሮችን ይዛለች። ብዙ ባለሙያዎች በ2ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈች ያምናሉ። በሁለቱም በኩል መጻፏ ከጥቅልል ሳይሆን ገጽ ካለው መጽሐፍ የተቀደደች መሆኗን ያሳያል።

ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ አድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ያሉት የግእዝ ወንጌሎች አሉ። ብራናቸው በካርቦን ሲለካ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል። በዓለም ላይ ካሉት ሥዕል ያላቸው ጥንታዊ የወንጌል መጻሕፍት ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን መብዛቱ ትንሽ ያናድዳል።

ሲገለበጥ ሲገለበጥ አልተበላሸም?

ስሕተት ገብቶበታል። ግን የት የት እንደገባ በአብዛኛው እናውቃለን። የአገራችንን የብራና መጽሐፍ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ በመስመሮች መሃል በደቃቅ ፊደል የገባ ቃል፣ ሕዳጉ ላይ የተጻፈ የተዘለለ ሐረግ፣ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ቦታ። ጸሐፊው ሰው ነው፤ ዓይኑ ይደክማል። ሁለት መስመር በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቅ መሃሉን ዘልሎ ያልፋል። የግሪኩም የዕብራይስጡም ገልባጭ እንዲሁ ነበር።

ቅጂው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱን የምናውቅበት መንገድ አይኖርም ነበር። ቅጂው በርክቶ ከተለያየ አገር ሲመጣ ግን አንዱ የዘለለው ሌላው ላይ ይገኛል። ግብፅ ያለው ጸሐፊ ቢያንቀላፋ ሶርያ ያለው አብሮት አያንቀላፋም።

ለብሉይ ኪዳን ትልቁ ፈተና የመጣው በ1947 ነው። የበዳዊ እረኞች ሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ ውስጥ ጥቅልሎች አገኙ። አንደኛው 66ቱንም የኢሳይያስ ምዕራፎች የያዘ ነው። ርዝመቱ ከ7 ሜትር ያልፋል፤ የተጻፈውም ከክርስቶስ ልደት ከ100 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። እስከዚያ ድረስ ይታወቁ የነበሩት ዋና ዋና የዕብራይስጥ ቅጂዎች የ10ኛውና የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነበሩ። የ1,000 ዓመት ልዩነት መሆኑ ነው። ጎን ለጎን ሲነበቡ አብዛኛው ልዩነት የፊደል አጻጻፍ ሆኖ ተገኘ። ትርጉም የሚነካም አልጠፋም፤ ምዕራፍ 53፥11 ላይ ጥቅልሉ «ብርሃን ያያል» ሲል በኋለኛው ቅጂ «ብርሃን» የሚለው ቃል የለም።

ሁሉም መጽሐፍ ግን እንደ ኢሳይያስ አይደለም። ኤርምያስ በኩምራን በረጅሙም በአጭሩም መልክ ተገኝቷል። ኢሳይያስን ብቻ ጠቅሶ «አንድ ፊደል አልተለወጠም» የሚል ሰባኪ ከማስረጃው በላይ ነው የሚናገረው።

እርግጠኛ የማንሆንባቸው ክፍሎች የትኞቹ ናቸው?

ከአዲስ ኪዳን ሁለቱ ትልልቆች ማርቆስ 16፥9-20 እና በዝሙት የተያዘችው ሴት ታሪክ፣ ዮሐንስ 7፥53 እስከ 8፥11፣ ናቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት የሲናና የቫቲካን ቅጂዎች ሁለቱንም አልያዙም። በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ አንዳንድ ትርጉሞች የሚያስገቡት፣ በሰማይ ስለሚመሰክሩት ስለ አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ የሚናገረው ሐረግም በጥንቶቹ የግሪክ ቅጂዎች የለም። ብዙ የዛሬ ትርጉሞች እነዚህን በቅንፍ ወይም በግርጌ ማስታወሻ ያመለክታሉ።

«በቅጂዎቹ መካከል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ልዩነት አለ» የሚለውስ? እውነት ነው፤ ቅጂው ስለበዛ ቁጥሩም በዝቷል። አንዲት ፊደል የተጣለባት ስም ሁሉ በዚያ ቁጥር ውስጥ ትገባለች። ሥላሴ በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት አይደለም። ማርቆስም ቢሆን ቁጥር 8 ላይ ቢቆም እንኳ «ተነሥቷል፤ በዚህ የለም» የሚለው ቁጥር 6 ላይ አስቀድሞ ተነግሯል።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ነገር በጉባኤ ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ከዩቲዩብ ሰምቶ የሚደነግጥ ልጅ ብዙ ነው። የሚያስደነግጠው ልዩነቱ ራሱ ሳይሆን «እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» የሚለው ነው።

ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ መጻሕፍቱን መረጠ ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። በ325 የተሰበሰቡት፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች፣ የተነጋገሩት ስለ አርዮስ ትምህርት፣ ስለ ትንሣኤ በዓል ቀንና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ጉባኤው ካወጣቸው 20 ቀኖናዎች አንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር አይደለም።

መጻሕፍቱ የታወቁት ቀስ በቀስ ነው። በ180 ገደማ የሊዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ ወንጌል አራት ብቻ እንደሆነ ሲጽፍ እናገኘዋለን፤ ቆስጠንጢኖስ ያኔ ገና አልተወለደም። ዛሬ የምናውቃቸው 27ቱ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ተዘርዝረው የሚገኙበት የመጀመሪያው ጽሑፍ በ367 የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ለፋሲካ የላከው ደብዳቤ ነው። ይህ ሰው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ በዕብራውያን፣ በ2ኛ ጴጥሮስና በራእይ ላይ ጥርጣሬ የነበራቸው አብያተ ክርስቲያናት እንደነበሩም አይካድም።

ኦርቶዶክስ 81 መጻሕፍት፣ ፕሮቴስታንት 66። የቱ ነው ትክክል?

ጅማ ውስጥ እናት ማኅበር ስትጠጣ ልጅ ኳየር ልምምድ የሚሄድበት ቤት ስላለ ይህ ጥያቄ እራት ላይ ሳይቀር ይነሳል። ቤተሰብ ማስታረቅ የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም። ልዩነቱ ግን የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አራቱ ወንጌላት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ የጳውሎስ መልእክታት፣ በጠቅላላው 27ቱ መጻሕፍት ሁለቱም ጋ አሉ። ልዩነቱ በዋናነት በብሉይ ኪዳን ዙሪያና በሥርዓት መጻሕፍት ላይ ነው። የ81ዱ አቆጣጠር ራሱም ከአንድ በላይ ነው።

በዚህ መሃል አንድ የሚገርም ነገር አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ምዕራባውያን ሙሉውን አይተውት አያውቁም ነበር። አንዳንዶች የክርስቲያኖች ድርሰት ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ከዚያ በኩምራን በአረማይክ የተጻፉ የሄኖክ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገለበጡም ነበሩባቸው። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 የሚጠቅሰውም ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ሄኖክን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ባትቀበሉት እንኳ፣ የእኛ ገልባጮች ሥራ ቀልድ እንዳልነበረ ያሳያል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ስለ ኢየሱስ የጻፈ አለ?

አለ። ብዙ ግን አይደለም። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እንደተገደለ ጽፏል፤ ክርስቲያኖችን ግን እንደ ጉድ ነው የሚጠላው። አገረ ገዥው ፕሊኒ በ112 ገደማ ለንጉሥ ትራጃን በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ይላል። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ደግሞ «ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም ያዕቆብ» እንዴት እንደተገደለ ተርኳል።

ጆሴፈስ ስለ ኢየሱስ የጻፈው ሌላ ረዘም ያለ አንቀጽም አለ። እሱን ስትጠቅሱ ተጠንቀቁ፤ ክርስቲያን ገልባጮች የጨመሩበት ነገር እንዳለ አብዛኞቹ ምሁራን ይስማማሉ። በአጭሩ እነዚህ ምስክሮች ኢየሱስ መኖሩን፣ መሰቀሉንና ተከታዮቹ ቶሎ እሱን ማምለክ መጀመራቸውን ይደግፋሉ። መነሣቱን አይመሰክሩም።

አርኪዮሎጂስ ምን አገኘ?

ብዙ አገኘ፤ ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የሕዝቅያስ ዋሻ ነው። 2ኛ ነገሥት 20፥20 ንጉሥ ሕዝቅያስ ውኃ ወደ ከተማይቱ እንዳስገባ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረናል። ዋሻው ዛሬም ኢየሩሳሌም ሥር አለ፤ 533 ሜትር ነው፣ ሰዎች ውኃውን እየረገጡ ያልፉበታል። በ1880 ግድግዳው ላይ በጥንታዊ ዕብራይስጥ የተቀረጸ ጽሑፍ ተገኘ። ቆፋሪዎቹ ከሁለት ጫፍ ጀምረው ነበር የሚመጡት። ሦስት ክንድ ሲቀር ከአለቱ ወዲያ የጓደኛቸውን ድምፅ ሰሙ፤ መቆፈሪያ በመቆፈሪያ ላይ እያሰሙ ተገናኙ፤ ውኃውም 1,200 ክንድ ፈሰሰ ይላል። የንጉሥ ስም የለበትም። የሠራተኞች ደስታ ብቻ ነው ያለበት። ድንጋዩ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ይገኛል።

ያንኑ ሕዝቅያስን የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬምም ይጠቅሰዋል፤ «እንደ ወፍ በቀፎ ውስጥ ዘጋሁት» እያለ ይፎክራል። ኢየሩሳሌምን ያዝኩ ግን አይልም። በ1961 ቂሳርያ ላይ የጲላጦስ ስም ያለበት ድንጋይ ተገኘ። በ1993 በሰሜን እስራኤል በቴል ዳን «የዳዊት ቤት» የሚል የአረማይክ ጽሑፍ ወጣ፤ ዳዊት ተረት ነው ይሉ የነበሩ ሰዎች ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። ግሪክ አገር ዴልፊ ላይ የተገኘው የሮማው ንጉሥ ቀላውዴዎስ ደብዳቤ ደግሞ ጋልዮስ በ51 ገደማ የአካይያ አገረ ገዥ እንደነበረ ያሳያል፤ የሐዋርያት ሥራ 18፥12 ጳውሎስን በቆሮንቶስ በፊቱ ያቆመበት ሰው ነው።

በሌላ በኩል ስለ ዘፀአት ቀጥተኛ የቁፋሮ ማስረጃ አልተገኘም። የኢያሪኮ ቅጥር የወደቀበት ጊዜም ያከራክራል። ቁፋሮ ስሞችን፣ ቦታዎችንና ሹመቶችን ያረጋግጣል። ባሕር ሲከፈል ግን የሚቀር ፍርስራሽ የለም።

ወንጌላት የተጻፉት ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በዚያ መሃል ታሪኩ አይጣመምም?

አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የማርቆስን ወንጌል 70 አካባቢ፣ የዮሐንስን ደግሞ ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ያደርጉታል። ኢየሱስ የተሰቀለው በ30 ወይም በ33 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍተት 40 ዓመት ገደማ ነው። ረጅም ይመስላል። ደርግ የወደቀው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጅማ ላይ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ መርካቶ ሱቅ ከፍቶ ተቀምጧል። ያን ግንቦት የሆነውን ጠይቁት። ሰዓቱን ሊያሳስት ይችላል፤ ማን ከማን ጋር እንደነበረ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል። ደርግ አልወደቀም ብትሉት ግን ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ይስቅባችኋል።

ከዚያም በላይ ወንጌላት የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አይደሉም። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስን የጻፈው በ50ዎቹ አጋማሽ ነው። ምዕራፍ 15 ላይ ክርስቶስ መሞቱን፣ መቀበሩን፣ መነሣቱን፣ ለኬፋ (ለጴጥሮስ) እና ለሌሎች መታየቱን ሲዘረዝር «እኔ ደግሞ የተቀበልሁትን» እያለ ነው። እንግዲህ ምስክርነቱ ከደብዳቤው ይቀድማል። ከ500 ለሚበልጡ ወንድሞች ታየ ካለ በኋላም አብዛኞቹ አሁንም በሕይወት አሉ ይላል፤ ሂዱና ጠይቁ እንደ ማለት ነው። ገላትያ 1 ላይ ደግሞ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከኬፋ ጋር 15 ቀን እንደተቀመጠ፣ የጌታን ወንድም ያዕቆብንም እንዳየ ይናገራል። በ15 ቀን ስለ አየሩ ብቻ አላወሩም።

አራቱ ወንጌላት እርስ በርሳቸው አይጋጩም?

በዝርዝር ይለያያሉ። ኢያሪኮ አጠገብ የተፈወሰው ዕውር በማርቆስ አንድ ነው፣ በማቴዎስ ሁለት። መቃብሩ ጋ አንድ መልአክ ወይስ ሁለት? የይሁዳ አሟሟት በማቴዎስ 27 እና በሐዋርያት ሥራ 1 አንድ ዓይነት አይደለም። ለአንዳንዱ ቀላል መልስ አለ፤ ሁለት ሰው ባለበት አንዱን ብቻ ማንሳት ውሸት አይሆንም። ለአንዳንዱ ግን የሚሰጠው መልስ ትንሽ ይጎተታል።

ከባዱ ሉቃስ 2፥2 ነው። ሉቃስ የኢየሱስን ልደት ከአንድ የሕዝብ ቆጠራ ጋር ያያይዘዋል፤ ማቴዎስ ደግሞ በሄሮድስ ዘመን ተወለደ ይላል። ቄሬኔዎስ የሶርያ ገዥ ሳለ የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በጆሴፈስ መሠረት በ6 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሄሮድስ ደግሞ ከዚያ 9 ዓመት ገደማ ቀድሞ ሞቷል። ቀደም ያለ ሌላ ቆጠራ ነበር የሚሉ አሉ። የግሪኩን ዓረፍተ ነገር በሌላ መንገድ የሚያነቡም አሉ። ነገሩ አልተዘጋም፤ ዘጋሁት የሚላችሁን ሰው በጥንቃቄ ስሙት።

ክርስቲያኖች ከዚህ ጋር የሚያነሱት ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ከብዙ ድንጋዮች ይበልጣል። ወንጌላት የራሳቸውን ሰዎች አይሸፍኑም። ጴጥሮስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ፣ ከአንዲት ገረድ ጥያቄ ጀምሮ ሦስቴ ይክዳል፤ ይምላልም። ደቀ መዛሙርቱ በጌቴሴማኒ ይተኛሉ፤ ከዚያ ይሮጣሉ። ባዶውን መቃብር መጀመሪያ ያዩት ሴቶች ናቸው፤ ሉቃስ 24፥11 ወንዶቹ ወሬያቸውን ቅዠት አድርገው እንደቆጠሩት ይነግረናል። ታሪክ የሚፈጥር ሰው በዚያ ዘመን ምስክርነታቸው እምብዛም በማይቆጠር ሰዎች አይጀምርም።

የተፈጸመ ትንቢትስ ማስረጃ ይሆናል?

ጠንካራው ስለሚሠቃየው የእግዚአብሔር አገልጋይ የሚናገረው ኢሳይያስ 53 ነው። ከኢየሱስ በፊት መጻፉ አያከራክርም፤ የኩምራኑ ጥቅልል ከልደቱ ይቀድማል። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የእኛው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ በሠረገላ ተቀምጦ የሚያነበው ይህንኑ ክፍል ነው። ለፊልጶስ ያቀረበለት ጥያቄም ዛሬ ድረስ ይጠየቃል፦ ነቢዩ ይህን የሚለው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ብዙ አይሁድ አገልጋዩ ራሱ እስራኤል ነው ይላሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ጥንታዊ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ስለ ማን እንደሚናገር ግን አሁንም የሚያከራክር ነው።

ሙስሊም ጓደኛዬ «ኢንጂል ተበርዟል» ሲለኝ ምን ልበለው?

መጀመሪያ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቀው። በሙስሊም ሊቃውንት ዘንድ ራሱ «ቃሉ ተቀየረ» እና «ትርጉሙ ተጣመመ» የሚሉ ሁለት አመለካከቶች አሉ። ሁለተኛውን ከሆነ የሚለው ብራና አውጥቶ መከራከር ትርጉም የለውም።

የመጀመሪያውን ከሆነ መልሱ አጭር ነው። የሲናና የቫቲካን ቅጂዎች የተጻፉት እስልምና ከመነሳቱ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ ስቅለቱም ትንሣኤውም በውስጣቸው አለ። በዚያን ጊዜ መጽሐፉ በላቲን፣ በሱርስትና በቅብጥ ተተርጉሞ በየአገሩ ተበትኖ ነበር። ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ዓይነት ለውጥ ሊያደርግ የሚችል ኃይል አልነበረም።

ይህ ግን ጓደኛህን ክርስቲያን አያደርገውም። በመካከላችሁ ያለው ትልቁ ልዩነት ብራና ሳይሆን ኢየሱስ ማነው የሚለው ነው። ጅማ ላይ አብራችሁ ያደጋችሁ፣ በኢድና በገና አንድ ቤት የምትበሉ ከሆናችሁ እዚህ ጋ በእርጋታ ማውራት አያቅታችሁም። የእሱን መጽሐፍ በማጣጣል የራስህ አይከብርም።

ናሳ የኢያሱን ረጅም ቀን በኮምፒውተር አገኘ የሚል ቪዲዮ ደረሰኝ። ሼር ላድርገው?

ኧረ ተው። ናሳ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘም፤ ወሬው ለአሥርት ዓመታት ሲዞር የኖረ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ተገኘ የሚባለው የፈርዖን ሠረገላ ጎማም አልተረጋገጠም። የኖኅ መርከብ አራራት ላይ ተገኘች የሚለውም በየጊዜው ይመጣል፤ ይሄዳል። ጓደኛህ አንዱ ውሸት መሆኑን ጎግል አድርጎ ካገኘ በኋላ የቴል ዳንን ድንጋይ ብታሳየው አያምንህም።

ባርነትን የሚታገሥ፣ ከነዓናውያን ይጥፉ የሚል መጽሐፍ እንዴት ይታመናል?

ይህ ከታሪካዊ ታማኝነት ይልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሰዎች መጽሐፉን የሚተዉት ግን ከቅጂ ልዩነት ይልቅ በዚህ ነው። ስለ ከነዓን አንዳንዶች የዘመኑ የጦርነት ቋንቋ ግነት አለበት ይላሉ፤ ኢያሱ 10 «ሁሉን አጠፋ» ካለ በኋላ መሳፍንት 1 ላይ ከነዓናውያን እዚያው ሲኖሩ እናያለን። ሌሎች በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ የተወሰነ ፍርድ ነው ይላሉ። ሁለቱም የሚጠቅም ነገር አላቸው፤ ሁለቱም እኔን ሙሉ በሙሉ አላሳረፉኝም።

ስለ ባርነት ግን ከዚሁ ከአካባቢያችን የሚነገር አለ። አስቴር ጋኖ ነጻ ሆና ተወልዳ በሊሙ እናሪያ ንጉሥ ባሪያ የተደረገች ልጅ ነበረች፤ ሊሙ ከጅማ ወደ ሰሜን ነው። ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትወሰድ በ1886 የጣልያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ነጻ ወጣች። ኦነሲሞስ ነሲብም ከኢሉባቦር ተሰርቆ የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። በ1899 በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ድካም ነው። ባርነትን በመጽሐፍ ሳይሆን በገላቸው ያውቁት ነበር። ባሪያዎች ለጌቶቻቸው ይታዘዙ የሚለውን ኤፌሶን 6ን ሲተረጉሙ ምን እንዳሰቡ ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ። እነሱ ያመኑት ስለዚህ እኛም እንመን ማለቴ አይደለም፤ «ይህ የባሪያ አሳዳሪዎች መጽሐፍ ነው» ለሚል ሰው ግን የሁለቱ ሥራ ከባድ ጥያቄ ያነሳበታል።

ይህ ሁሉ ቢረጋገጥ እንኳ የእግዚአብሔር ቃል መሆኑን ያሳያል?

አያሳይም። ጋልዮስ በ51 ገዥ መሆኑ ጳውሎስ በመንፈስ ቅዱስ ጻፈ ማለት አይደለም። የከተማ ስም በትክክል የጻፈ ጸሐፊ ሁሉ ነቢይ አይሆንም። ማስረጃው የሚያደርገው «ተረት ነው» የሚለውን መከልከል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ክርስቲያኖችም አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። ኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት ተቀብላ ያቆየችው ስለሆነ አምነዋለሁ ይላል። ፕሮቴስታንቱ መንፈስ ቅዱስ በአንባቢው ልብ ይመሰክራል ይላል። ብዙዎች ደግሞ ከኢየሱስ ይነሳሉ፦ እሱ ከሞት ከተነሣ፣ ብሉይ ኪዳንን «ቃልህ እውነት ነው» በሚል መንፈስ ያነበበበትን መንገድ እንከተላለን። እኔም ከእነዚህ ጋር ነኝ። ጳውሎስ ራሱ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥14 ላይ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከቱ ከንቱ መሆኑን ይናገራል፤ መጽሐፉ ራሱ የቱ ጋ ሊመታ እንደሚችል ያሳያችኋል። ስለዚህ ከማያምን ጓደኛ ጋር ስትነጋገሩ በዮናስ ዓሣ አትጀምሩ። 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን ክፈቱለትና መጀመሪያ እሱ ምን እንደሚል ስሙት።